የኮምፒውተር ዋጋና የእናቴ ሲኒ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ ሁለት ነገር ይመኛል። አንደኛው፣ ዕቃው መልካም ሆኖ እንዲያገለግለው ነው፤ ሁለተኛውም አለመታለሉን ማወቅ ነው። የመጀመሪያውን ዕቃው ራሱ ውሎ ሲያድር ይመሰክራል። ሁለተኛውን ግን መርምረን ካልደረስንበት በቀር ማንም አይነግረንም። እኔም በዚህ ዓመት ኮምፒውተር ለመግዛት ተነሥቼ በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ቀን ደከምሁ። የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ጓደኞቼም ሆይ፣ ያገኘሁትን መልስ፣ ከመልሱም ጋር ያገኘሁትን ኀፍረት፣ መጽሔታችን በሰጠኝ ገጽ ላይ ሳልደብቅ ልጽፈው ቈርጫለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በአዳማ ከተማ፣ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ድረስ ናዝሬት በሚሏት በዚህች ከተማችን፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ቡና አፍልታ ትሸጣለች። የሥራዋ መሣሪያዎች ጀበና፣ ረከቦት፣ ዐሥራ ሁለት ሲኒ፣ ስድስት በርጩማና አንድ የከሰል ምድጃ ናቸው። ከመቂና ከባቱ፣ ከሻሸመኔና ከአሰላ የሚመጡ መንገደኞች፣ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ከእርስዋ ዘንድ ዐረፍ ብለው ይጠጣሉ። በዚህ ሥራ እኔንና ታናሽ እኅቴን አሳድጋናለች። ለሁለት ዓመት ያህል በየሳምንቱ ስትጥል የቈየችው እቁብ ጥር ላይ ደረሳትና 140,000 ብር አገኘች።

በዚያ ሌሊት ብሩን በጨርቅ ጠቅልላ ከትራስዋ ሥር ካስቀመጠች በኋላ «ልጄ፣ ለትምህርትህ የሚሆን ኮምፒውተር እንገዛለን፤ የተረፈውም ለጣራው ይሆናል» አለችኝ። ጣራችን ያረጀ ቆርቆሮ ስለ ሆነ ክረምት በገባ ቍጥር እኅቴ የምትተኛበት ጥግ ያፈሳል፤ እናቴም በዝናብ ሌሊት እየተነሣች ከውሃው በታች ሳፋ ታስቀምጣለች። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ስለ ጣራው አላሰብሁም። «እማዬ፣ የምማረው የንድፍ ሥራ ከባድ ስለ ሆነ ተራ ኮምፒውተር አይችለውም፤ ኀይለኛው ካልሆነ ገንዘቡ በከንቱ ይቀራል» አልኋት። ይህን ስል እውነቱን መናገሬ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ገበያ ከመሄዳችን በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ስቈጥር ሰነበትሁ። የኮምፒውተሩን ክፍሎች አንድ በአንድ፣ ፕሮሰሰሩን፣ ግራፊክስ ካርዱን፣ ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ኬዙንና ሞኒተሩን በወረቀት ላይ ጻፍሁ። የእያንዳንዱን ዋጋ በውጭ አገር ስንት እንደ ሆነ ከኢንተርኔት ፈልጌ ብደምረው 1,060 ዶላር ሆነ። ይህንንም በዚያ ሳምንት በነበረው የባንክ ምንዛሪ ስመታው 148,000 ብር ያህል መጣልኝ። ወረቀቱን አጥፌ በኪሴ ከተትሁና፣ ዳኛ ፍርዱን ጽፎ ወደ ችሎት እንደሚገባ ሁሉ፣ እኔም ቅዳሜ ጧት ከእናቴ ጋር ወደ ሱቁ ሄድሁ።

የተመኘሁት ኮምፒውተር ቀይና ሰማያዊ መብራት እያበራ፣ በመስተዋት ጎኑ ውስጡን እያሳየ ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጦአል። ባለሱቁ ዋጋውን 210,000 ብር አለን። እናቴ ደነገጠች። ከእቁቡ ላይ 70,000 ብር ከአጎቴ ልትበደር እንደሚያስፈልጋት ወዲያው ገብቶአታል። እኔም ወረቀቴን አወጣሁና ሰው በሞላበት ሱቅ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ የዚህ ዕቃ ክፍሎች ሁሉ ተደምረው 148,000 ብር ናቸው። በአንድ ኮምፒውተር 62,000 ብር ያተርፋሉ ማለት ነው። ይህ ንግድ ሳይሆን ዘረፋ ነው» አልሁ።

ሰውየው አልተቈጡም። ወረቀቴን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡትና «ድምሩ ልክ ነው፤ ያልጻፍኸው ግን ከጻፍኸው ይበዛል» አሉኝ። ከዚያም ወደ እናቴ ዘወር ብለው፣ «እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ቡና አፈላለሁ» አለች።

«አንዱን ሲኒ በስንት ይሸጣሉ?»

«በሃያ ብር።»

«ልጅዎ በሲኒው ውስጥ ያለው ቡና የስንት ብር ነው ብሎ ቢጠይቅዎትስ?»

እናቴ መልስ አልሰጠችም። እኔም የምለው ጠፋኝ። ሳንገዛ ወጣን። መንገዱን ሁሉ ዝም ብላ ሄዳ ከቤታችን በር ስንደርስ ብቻ፣ «ልጄ፣ የሰውን ሥራ በሰው ፊት ዘረፋ አትበል። መጀመሪያ ቈጥረህ ጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ትናገራለህ» አለችኝ።

በዚያው ሌሊት ደብተሬን ይዤ የእናቴን ቡና ቈጠርሁ። ይህንን ሒሳብ ከዚያ በፊት ሠርቼው አላውቅም ነበር። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 700 ብር ገዝታለች፤ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተቈልቶና ተወቅጦ መቶ ሲኒ ያህል ይወጣዋል። እንግዲህ በአንድ ሲኒ ውስጥ ያለው ቡና 7 ብር ነው። እኔ በሱቁ ውስጥ ባደረግሁት ዓይነት ሒሳብ ከሄድን እናቴ ከእያንዳንዱ ጠጪ 13 ብር ትዘርፋለች ማለት ነው! ነገር ግን ለከሰል 3 ብር፣ ለስኳር 2 ብር፣ ለቦታው ኪራይ 2 ብር፣ ለውሃ፣ ለቄጤማ፣ ለዕጣንና ለሚሰበረው ሲኒ 2 ብር በእያንዳንዱ ሲኒ ላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲቀነስ የሚተርፈው 4 ብር ብቻ ሆነ። ይህም 4 ብር ቢሆን ትርፍ ሊባል አይገባውም፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በጢስ ውስጥ የምትቀመጥበት ደመወዝዋ ነው። እርሳሴን አስቀምጬ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። የተማርሁበትን ደብተር፣ የጻፍሁበትንም እርሳስ የገዛው ያው 4 ብር ነበርና።

በማግሥቱ የባለሱቁን ሒሳብ በዚሁ መንገድ እንደ ገና ሠራሁት። በመጀመሪያ ከ210,000 ብር ውስጥ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት፤ ይኸውም 27,391 ብር ሲሆን ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባ እንጂ ለባለሱቁ የሚቀር አይደለም። እኔ 62,000 ብር ያልሁት ትርፍ በዚህ ብቻ ወደ 34,600 ብር ወረደ። ከዚህም ላይ ገና የማጓጓዣው፣ የጉምሩኩ፣ የባንኩ፣ የሱቅ ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደመወዝና የዋስትናው ወጪ ይነሣል። ዕቃው ሳይሸጥ በመደርደሪያ ላይ ስድስት ወር ቢቀመጥ ደግሞ፣ ሌላ አዲስ ኮምፒውተር ወጥቶ ያረጀዋል። ቡና ቢሰነብት ቡና ነው፤ ኮምፒውተር ግን እንደ ጎመን ይጠወልጋል።

የመንገዱም ነገር የሚያስገርም ነው። ከጅቡቲ ወደብ በባቡር ወይም በከባድ መኪና የሚጫነው ዕቃ በድሬዳዋ ወይም በአፋር በኩል መጥቶ፣ ከዚያም በአዋሽ አድርጎ፣ የእኛን ከተማ ዐልፎ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲያልፍ በየጊዜው እናየዋለን። ባለሱቁ በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ የእርሳቸው ዕቃ በሞጆ ከተፈተሸ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ ይሄዳል፤ ከዚያም በፈጣኑ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ ወደ አዳማ ይመጣል። ኮምፒውተሩ በደጃችን ዐልፎ ሄዶ፣ ሌላ ትርፍና ሌላ ኪራይ ተሸክሞ ይመለሳል ማለት ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን የምንዛሪው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሳይሞላ ከ120 ብር በላይ ሆነ። አንዲት ብሎን እንኳ ሳትጨመርበት የ1,000 ዶላር ዕቃ ከ57,000 ብር ወደ 120,000 ብር ወጣ። የእናቴ ቡና ጠጪ ግን በዚያው ወራት ደመወዙ እጥፍ አልሆነለትም። ስለዚህ በባለሱቁ ላይ የተቈጣሁት ቍጣ አብዛኛው ቦታውን የሳተ ነበር።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ባለሱቁ ዘራፊ ካልሆነ ሠሪውስ? እኔ «የክፍሎቹ ዋጋ» ብዬ የጻፍሁት 148,000 ብር ራሱ ሌላ ሰው የወሰነው ዋጋ ነው። ይህን ይዤ ወደ ፊዚክስ መምህራችን ሄድሁ። እርሳቸውም ከትምህርት ሰዓት በኋላ አስቀምጠው በሰፊው አስረዱኝ።

የቺፕ መሠረቱ ሲሊከን ነው፤ ሲሊከንም አሸዋና ኳርትዝ በሚባለው ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። በክብደቱ ብቻ ቢሸጥ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በጥቅምት 2022 ኤንቪዲያ በ1,599 ዶላር ያወጣው አርቲኤክስ 4090 የተባለው ግራፊክስ ካርድ ላይ ያለችው ቺፕ ከቴምብር እምብዛም የማትበልጥ ስትሆን፣ 76 ቢሊዮን ትራንዚስተር ተቀርጾባታል። ኤንቪዲያ ንድፉን ያወጣል እንጂ ራሱ አይሠራትም፤ የምትሠራው በታይዋን በቲኤስኤምሲ ፋብሪካ ነው። እንዲህ ያሉትን ረቂቅ ቺፖች በብርሃን ለመቅረጽ ዛሬ የሚያገለግለውን ማሽን የሚሠራው ኤኤስኤምኤል የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ብቻ ሲሆን፣ የአንዱ ማሽን ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። በዚህ ላይ ከሚሠሩት ቺፖች መካከል እንከን የሚገኝባቸው ብዙዎች ናቸው። በመቂ ወይም በባቱ የቲማቲም ለቀማ ያየ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ከአንድ ማሳ የተለቀመ ሁሉ አንድ ዋጋ አያወጣም፤ ጥሩው በሣጥን ይደረደራል፣ መካከለኛው በርካሽ ይሸጣል፣ የፈረጠው ይጣላል፤ ገበሬው የተጣለውን ኪሣራ በጥሩው ዋጋ ላይ ያካክሳል። ቺፕም እንዲሁ ነው። በዚያች በ4090 ቺፕ ላይ 144 የሥራ ክፍሎች ሲነደፉ በካርዱ ላይ የሚሠሩት 128ቱ ናቸው፤ ጥቂት እንከን ያለባትም ቺፕ ሳትጣል እንድታገለግል ይረዳታል።

መምህሬ ይህን ካሉ በኋላ፣ «የዕቃ ዋጋ የክፍሎቹ ድምር ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ በወረቀቱ ክብደት፣ ሐኪምም በመርፌው ዋጋ በተከፈለ ነበር» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። በዚህ ጊዜ ልቤ ወደ ሠሪዎቹ አዘንብሎ ነበር።

ነገር ግን እናቴ «ቈጥረህ ጨርስ» ብላኛለችና መቍጠሬን አላቆምሁም። ኩባንያዎቹ ለባለ አክሲዮኖቻቸው በየዓመቱ ሒሳባቸውን ስለሚያወጡ ማንም ሊያነበው ይችላል። ኤንቪዲያ በፈረንጆች ጥር 2025 በተፈጸመው የሒሳብ ዓመት 130.5 ቢሊዮን ዶላር ሸጦአል። ከዚህም ውስጥ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ለዕቃው መሥሪያ የወጣው 25 ዶላር ብቻ ነው። ለምርምር 10 ዶላር ያህል ወጥቶአል። ሌላው ወጪና ግብሩ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ የተጣራው ትርፍ 56 ዶላር ያህል ሆነ። እርግጥ ነው፣ ይህ ገንዘብ አብዛኛው የመጣው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል ከሚሠሩ ታላላቅ ኩባንያዎች ነው እንጂ ከእንደኔ ያለ ተማሪ አይደለም። ቢሆንም እናቴ ከሃያ ብሩ ላይ 4 ብር፣ ይኸውም ከመቶ 20፣ ደመወዝዋን ጭምር ስታገኝ፣ ይህ ኩባንያ የሠራተኞቹን ደመወዝ ሁሉ ከፍሎ ከመቶ 56 ያስቀራል። እንግዲህ «ምርምሩ ውድ ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ሁሉን አይሸፍንም ማለት ነው።

ታዲያ የቀረው ከወዴት ይመጣል? እኔ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ እጥረት ነው። በፈረንጆች መስከረም 2020 በ699 ዶላር ዋጋ የወጣው አርቲኤክስ 3080 በሚቀጥለው ዓመት በቺፕ እጥረትና በክሪፕቶ ገንዘብ ፈላጊዎች ብዛት ምክንያት በቸርቻሪዎች እጅ ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር። ካርዱ ያው ካርድ ነው፤ የተለወጠው የሰው ፍላጎት ብቻ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይም በብራዚል ድርቅ ምክንያት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከዚያ በፊት ታይቶ ከማያውቅ ደረጃ ሲደርስ የእናቴም የቡና መግዣ ጨምሮአል። እጥረት ዋጋን እንደሚያወጣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚያስተምረን አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ስም ነው። አፕል በ2019 ባወጣው ማክ ፕሮ በሚባለው የ5,999 ዶላር ኮምፒውተር ላይ ገዥው አራት ተሽከርካሪ እግሮች ይግቡልኝ ካለ 400 ዶላር ይጨምር ነበር፤ ለዚያው ኮምፒውተር የተሠራው ሞኒተርም መቆሚያው ብቻ ለብቻው 999 ዶላር ነበር። ይህን ሳነብ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ሣቅን። ከሣቅን በኋላ ግን የራሳችን አገር ታሪክ ትዝ አለኝ። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትጠይቅ ክርክር ተነሥቶ፣ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞአል። በዚያን ጊዜ አገራችን ያለችው፣ ስሙም ዋጋ አለው፤ ከስሙም ዋጋ ለባለቤቱ ድርሻ ይገባዋል ነው። ስለዚህ ስም ዋጋ የለውም ብለን አፕልን ልንከስ አንችልም፤ ከስሰን ብንረታ በራሳችን ላይ እንፈርዳለን።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ተጠላልፎብኝ ሳለ አንድ ምሽት እናቴ ሲኒዎችዋን ስታጥብ አጠገብዋ ተቀምጬ የቈጠርሁትን ሁሉ ነገርኋት። ስለ አሸዋው፣ ስለ ታይዋኑ ፋብሪካ፣ ስለ 56ቱ ዶላር፣ ስለ ተሽከርካሪ እግሮቹም ነገርኋት። እርስዋ ትምህርትዋን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ ዘንድ የሚቀመጥ ሰው ሃያ ብር መሆኑን ሳይቀመጥ ያውቃል። ቡናዬ ካልጣመው ተነሥቶ ማዶ ካለችው ሴት ይጠጣል፤ አልቀየመውም። ሲኒውን በከንፈሩ ላይ አላስርበትም። እንዲህ ሆኖ ሃያ ብር ከሰጠኝ ወድዶ ሰጠኝ። እነዚያስ ሰውን ተነሥቶ እንዲሄድ ይለቁታል?»

ይህ ጥያቄ ያደረሰኝን ያህል የእኔ ወረቀት አላደረሰኝም። ወዲያው ያነበብሁት አንድ ነገር ታሰበኝ። ከ2020 መገባደጃ ጀምሮ በወጡት የአፕል ማክቡኮች ላይ ራሙ ከዋናው ቺፕ ጋር አንድ ላይ ስለ ታሸገ በኋላ ሊጨመር አይቻልም። ገዥው በሚገዛበት ቀን ከ8 ጊጋባይት ወደ 16 ከፍ ማድረግ ከፈለገ 200 ዶላር ይጠየቅ ነበር። የራሙ ዓይነት አንድ ባይሆንም፣ ለተራ ኮምፒውተር የሚሆን 8 ጊጋባይት ራም በ2023 በገበያ ከ40 ዶላር በታች ይገኝ ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ «ስኳሩን ከእኔ ብቻ ግዛ፣ ሌላ ስኳር በሲኒዬ አይገባም እንደ ማለት ነዋ!» አለች። ለፍትሕ ያህል፣ ኩባንያው በ2024 መገባደጃ ላይ መነሻውን ወደ 16 ጊጋባይት ከፍ አድርጎ ለዚያ ያስከፍለው የነበረውን ጭማሪ አስቀርቶአል። አንድ ላይ መታሸጉም ለፍጥነት ይረዳል። ነገር ግን ገዥው መሄጃ በሌለው ጊዜ ዋጋው ምን ያህል እንደሚነሣ ምሳሌው በግልጽ ያሳያል።

እንግዲህ የደረስሁበት ሐሳብ ይህ ነው። ውድ ኮምፒውተር ከክፍሎቹ ዋጋ ጋር ይመዛዘናልን ብለን መጠየቃችን መልካም ነው፤ ነገር ግን በክፍሎቹ ብቻ ልንፈርድ አንችልም። በዕቃው ዋጋ ውስጥ የሰው ድካም አለ፣ እውቀት አለ፣ የመጥፋት አደጋ አለ፣ መንገድና ግብር አለ፤ ይህን ሁሉ መክፈል ግዴታችን ነው። ዋጋው ፍትሕ የሚያጣው ገዥው ሌላ መሄጃ እንዳይኖረው በር ሲዘጋበት ነው። አንድ ጥግ የያዘ ሠሪ ከመቶ 56 ሊያስቀር የሚችለውም ማዶ ቡና የምታፈላ ሌላ ሴት በቅርብ ስለሌለች ነው።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ያልሁትን መናገር አለብኝ። እናቴ ሲኒዎቹን አጥባ ስትጨርስ እጅዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ፤ ይህ ኀይለኛ ኮምፒውተር ለየትኛው ትምህርት ነው?» አለችኝ። ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን የአራት ብሩን ሒሳብ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁና አልቻልሁም። «እማዬ፣ ለጨዋታ ነው። የክፍላችን ልጅ ቤት አይቼው ነው። የምማረው ንድፍና ፕሮግራም በተራውም ይሠራል» አልኋት። ባለሱቁን ዘራፊ ብዬ ስሰድብ፣ በዚያ ሱቅ ውስጥ ዋጋውን ደብቆ ሌላውን ሊያስከፍል የቆመው አንድ ሰው እኔ ነበርሁ። እናቴን 70,000 ብር ዕዳ ውስጥ ልከትት፣ ጣራውንም ሳይሠራ ላስቀር ነበር። እርስዋም ሌላ መሄጃ አልነበራትም፤ ልጅዋ ነኝና። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላም፣ «ደግ፣ ተናገርህ» ብቻ ብላ ጀበናውን ወደ ቦታው መለሰች። ብትመታኝ በተሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደዚያው ሱቅ ተመልሰን ሄድን። አስቀድሜ ባለሱቁን ሰው በሰማበት ስፍራ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፣ «ምንም አይደል፤ ቈጥሮ ከሚመጣ ሰው ጋር መነገድ ይሻለኛል» አሉ። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤት ወጥቶ የመጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ በ66,000 ብር ገዛን። ከመክፈላችን በፊት ሽፋኑን እንዲከፍቱልኝ ለመንኋቸውና ሁለት ባዶ የራም ቦታዎች እንዳሉት በዓይኔ አየሁ፤ ገንዘብ ሲኖረኝ ከፈለግሁበት ሱቅ ራም ገዝቼ ልጨምርበት እችላለሁ ማለት ነው። እናቴም አጎንብሳ አየችና፣ «ይህኛው ሲኒውን ይለቃል» አለች።

ኮምፒውተሩ መብራት የለውም። ትልቅ ሥዕል ሳሠራው ይዘገያል፤ እኔም እየጠበቅሁ መጽሐፌን አነባለሁ። የተረፈው 74,000 ብር ለአዲስ ቆርቆሮ፣ ለእንጨትና ለአናጢ ዋለ። ግንቦት ላይ ጣራው ተለወጠ። የሰኔው የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ በመጣ ሌሊት እናቴ ከልማዷ የተነሣ ነቅታ ሳፋውን ፈለገች፤ እኔም «እማዬ፣ ተኚ፤ አያፈስም» አልኋት።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ጥምጥሙ ዛሬ ቀይና ሰማያዊ መብራት ያለው ሆኖአል እንጂ ምሳሌው አላረጀም። ነጋዴን ዘራፊ ከማለታችሁ በፊት ቍጠሩ፤ የሩቁን ኩባንያ ከማድነቃችሁም በፊት ቍጠሩ። ዕቃ ስትገዙ ነገ ተነሥታችሁ የምትሄዱበት በር እንዳለው መርምሩ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ገንዘቡን ለምትሰጣችሁ እናት ወይም ለሚሰጣችሁ አባት እውነተኛውን ዋጋና እውነተኛውን ምክንያት ንገሩ። በተለይም ከመናኸሪያው አጠገብ ቡና የምትጠጡ ካላችሁ፣ ሃያ ብሩን ስትከፍሉ በሲኒው ውስጥ ከቡናው ሌላ ምን ምን እንዳለ አስቡ።